የፈረሰ ፊት፣ የተበተኑ ሐውልቶች፦ የፍሎረንስ ካቴድራል ጉዳይ

የፍሎረንስን ካቴድራል በፎቶ ያየ ሰው ያ ነጭና አረንጓዴ፣ መሀል መሀሉ ላይ ቀላ ያለ እምነ በረድ የገባበት የፊት ግድግዳ ከሕንፃው ጋር አብሮ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ግድግዳው የተመረቀው በ1887 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባቡርና ቴሌግራፍ ከመጡ በኋላ ማለት ነው። ከእሱ በፊት ካቴድራሉ ለ300 ዓመት ያህል ፊት አልነበረውም፤ ሸካራ ግንብ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ፊት ነበረው። በሐውልት የተሞላ፣ ያላለቀ፣ በ1587 ሆን ተብሎ የፈረሰ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የመጀመሪያው ፊትና ስለ ሐውልቶቹ ነው። እንዴት ተበተኑ፣ ከ400 ዓመት በኋላስ እንዴት እንደገና አንድ ላይ ቆሙ፣ ምኑ ተሳካ፣ ምኑ ቀረ የሚለውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የጥንቶቹን ሰዎች በስም እጠራለሁ፤ ታሪክ ናቸው። በዘመናችን ሥራውን የመሩትን ግን ስማቸውን ትቼዋለሁ። እዚህ የሚያስፈልገን ማን እንደወሰነ ሳይሆን ምን እንደተወሰነ ነው።

## የመጀመሪያው ግድግዳ

ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ የሚባለው ይህ ካቴድራል መሠረቱ የተጣለው በ1296 ነው። ዋናው ባለሙያ አርኖልፎ ዲ ካምቢዮ ነበር። አርክቴክትም ቀራጺም ነው። በወጣትነቱ በቀራጺው ኒኮላ ፒሳኖ ሥር ሆኖ በሲዬና ካቴድራል የስብከት መድረክ ላይ ሠርቷል። ከዚያ ሮም ገብቶ ለትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ሲሠራ ቆይቶ ነው ወደ ፍሎረንስ የመጣው። ማለትም ከተማዋ ልምምድ ላይ ያለ ሰው አልቀጠረችም፤ በዘመኑ ጣሊያን ውስጥ ካሉት ከምርጦቹ አንዱን ነው የያዘችው።

ሥራው የተጀመረው ከፊት በኩል ነው። ሳንታ ሬፓራታ የምትባለው አሮጌዋ ካቴድራል ገና አልፈረሰችም፤ ሰው እየተሳለመባት አዲሱ ግድግዳ ከፊቷ ይነሳ ነበር። ከተማዋ መጀመሪያ እንድታይ የፈለገችው ያንን ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ሦስት በር ነበረው። ካቴድራሉ በእመቤታችን ስም የተሰየመ ስለሆነ ሐውልቶቹም የእሷን ታሪክ ተከፋፍለው ይዘውት ነበር። ከአንዱ የጎን በር በላይ ልደት ነው። ማርያም በክርኗ ተደግፋ ጋደም ብላ ትታያለች። ከሌላው የጎን በር በላይ ዕረፍቷ ነው። በመሀሉ ትልቅ በር ላይ ደግሞ ልጇን ይዛ በዙፋን ተቀምጣ፣ በአንድ ጎኗ ቅድስት ሬፓራታ፣ በሌላው የከተማዋ የጥንት ጳጳስ ቅዱስ ዛኖቢ። በሌላ ቦታ ደግሞ የሮማው ፖፕ ቦኒፋስ ስምንተኛ ሐውልት ነበር፤ ያኔ በሕይወት ያለ፣ ገጣሚውን ዳንቴን ጨምሮ ብዙ ጠላት ያፈራ ሰው ነው። ከየአቅጣጫው ወደ ካቴድራሉ የሚመጣ ሰው ማንበብ ባይችልም ታሪኩን በሦስቱ በሮች ላይ ይከተለው ነበር።

የመሀሏ ማርያም ዓይኖቿ ከመስታወት የተሠሩ ናቸው። ሐውልቱን ቀርበው ሲያዩት ትንሽ ይከብዳል፤ አፍጥጣ የምታይ ይመስላል። ግን ሐውልቱ የተሠራው ለቅርብ ተመልካች አልነበረም። ከበር በላይ ሆኖ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ዓይኑ ብልጭ እንዲልና ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው እንዲያስተውለው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አርኖልፎ ሲሞት ግድግዳው ገና ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ ደወል ማማው፣ ወደ ዋናው ሕንፃ፣ ወደ ጉልላቱ ሄደ። በ1342 በከተማዋ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል አለ፤ ማርያም ከተማዋን ስትጠብቅ ያሳያል፤ እዚያ ውስጥ የካቴድራሉ ፊት እንደተጀመረ ቀርቶ ይታያል። ሐውልት መጨመሩ ግን አልቆመም። በ1408 ለመሀሉ በር ግራና ቀኝ የሚሆኑ የአራቱ ወንጌላውያን ሐውልቶች ለተለያዩ ቀራጮች መሰጠት ተጀመረ። ቅዱስ ዮሐንስ የደረሰው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ለነበረው ዶናቴሎ ነው። ዶናቴሎ ከወገብ በላይ ያለውን ሰውነት ከተፈጥሮ ልክ በላይ አስረዘመው፤ ምክንያቱም ሐውልቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከታች ሲታይ የሚያጥረውን ማካካስ ነበረበት። እንደገና ያው ነገር፦ ቦታው ቅርጹን ወሰነው።

በነገራችን ላይ፣ በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ በተጠራው ጉባኤ ምክንያት ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ያኔ የነበረው ፊት ይሄው ነው። የአርኖልፎን ማርያምና የዶናቴሎን ዮሐንስ በቦታቸው ሊያዩ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት ማለት ነው።

## ችግሩ የጀመረበት

ግድግዳው ቀስ በቀስ ፋሽን አለፈበት። ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል። በ1515 ከተማዋን ይገዛ ከነበረው ከሜዲቺ ቤተሰብ የተወለደው ፖፕ ሊዮ አሥረኛ ወደ ከተማው ሲገባ፣ ቀራጺው ያኮፖ ሳንሶቪኖና ሰዓሊው አንድሬያ ዴል ሳርቶ ከእንጨት ጊዜያዊ ፊት ሠርተው ካቴድራሉ ላይ አቆሙ። እንግዳ ሲመጣ አሮጌውን ግድግዳ መሸፈን የተሻለ መስሏቸዋል። ይህ እንግዲህ ከመፍረሱ 72 ዓመት በፊት ነው።

በ1587 ታላቁ መስፍን ፍራንቸስኮ አንደኛ ደ ሜዲቺ ግድግዳው እንዲፈርስ አደረገ። ከሐሳቡ ጀርባ የመስፍኑ አርክቴክት ቤርናርዶ ቡኦንታለንቲ ነበር። ያላለቀና አሮጌ ስልት ያለው ፊት ከዘመኑ ጣዕም ጋር አይሄድም፤ አፍርሰን ዘመናዊ እንሥራ ነው ነገሩ። ለአዲሱ ፊት ከእንጨት ሞዴሎች ተሠሩ። ቡኦንታለንቲ ራሱ አንድ አቀረበ፤ ቀራጺው ጃምቦሎኛም፣ ሌሎችም። ሞዴሎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ግድግዳው ግን የለም። መስፍኑ በዚያው ዓመት በጥቅምት ሞተ፤ አዲሱም ፊት በሞዴል ቀረ።

እዚህ ላይ አስተያየቴን ልናገር። ማፍረሱ ከተተኪው ቀድሟል። ገንዘቡ ሳይመደብ፣ ንድፉ ሳይጸድቅ፣ የቆመውን ነገር አወረዱት። የዘመኑን ጣዕም መውቀስ አልፈልግም፤ ማንም በዘመኑ ዓይን ነው የሚያየው። ቅደም ተከተሉ ግን በየትኛውም ዘመን ስህተት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳቅቃል። በ1589 የታላቁ መስፍን ፈርዲናንዶ ሠርግ ደረሰ፤ ባዶውን ግንብ ለመሸፈን ጊዜያዊ የተሳለ ፊት ተሠራ። ሌላ ትልቅ ሠርግ በ1688 ሲመጣም ግንቡ በቀለም ተሳለ። ዝናብና ፀሐይ ቀስ በቀስ አነሱት።

## ሐውልቶቹ የት ገቡ

ሐውልቶቹ አንድ ላይ አልጠፉም። ይህ የጉዳዩ ዕድለኛ ጎን ነው። ግን አንድ ላይም አልተቀመጡም። የቤተሰብ ፎቶ ተቆራርጦ ለየዘመዱ የታደለ ያህል ነው። አራቱ ወንጌላውያን ወደ ካቴድራሉ ውስጥ ገቡ። አንዳንዶቹ ሐውልቶች የግንባታውን ሥራ በሚመራው ተቋም፣ በኦፔራ ዲ ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ፣ መጋዘን ተከማቹ። ሌሎቹ ወደ ባለጸጎች የአትክልት ቦታ ሄደው የዛፍ ሥር ጌጥ ሆኑ።

በጣም የሚገርመኝ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሐውልቶች ዕጣ ነው። በአርኖልፎ የተሠሩ አይደሉም፤ በኋላ ፒዬሮ ዲ ጆቫኒ ቴዴስኮ የሚባል ቀራጺ የሠራቸው ናቸው። ወደ ፖጆ ኢምፔሪያሌ ቪላ በሚወስደው ጎዳና መግቢያ ላይ ሲተከሉ ማንነታቸው ተቀየረ፦ ገጣሚ ሆኑ። ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ዳንቴ፣ ፔትራርካ ተባሉ። ሐውልት ከቦታው ሲነቀል ስሙንም ሊያጣ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የእመቤታችን ዕረፍት ቅርጽ ደግሞ በመጨረሻ ከጣሊያን ወጥቶ በርሊን ገባ። ዛሬም በቦዴ ሙዚየም ነው ያለው። ስለዚህ ከሦስቱ በሮች ታሪክ አንዱ በሌላ አገር ሆነ።

በ1891 ከካቴድራሉ ጀርባ ሙዚየም ተከፈተ፤ ፍሎረንስ ውስጥ የቀሩት ሐውልቶች ቀስ በቀስ እዚያ ተሰበሰቡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዝናብ ዳኑ፣ ከሌባ ዳኑ። ነገር ግን በክፍል ውስጥ በግድግዳ ዳር ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደ ልዩ ሥራ ነበር የሚታዩት። ጋደም ያለችው ማርያም ወለል አካባቢ ስትቀመጥ ለምን እንደዚያ እንደተዘነበለች አይገባም። የዮሐንስ ረጅም ደረት የቀራጺው ስህተት ይመስላል። የመስታወቱ ዓይን ያስፈራል። ሐውልቶቹ ተርፈዋል፤ የተሠሩበት ምክንያት ግን አልተረፈም።

ችግሩን በአጭሩ ካስቀመጥነው ይህ ነው። እቃው አለ፣ ቦታው የለም፣ ቦታው ላይ ደግሞ ከ1887 ጀምሮ ሌላ ሙሉ ግድግዳ ቆሟል። ኤሚሊዮ ዴ ፋብሪስ የነደፈውን ያን ግድግዳ አፍርሶ የአርኖልፎን መመለስ የማይታሰብ ነው፤ የ1587ቱን ጥፋት መድገም ይሆናል።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ማስረጃ ነው የተሰበሰበው። ዋናው ማስረጃ አንድ ሥዕል ነው። በ1587 ግድግዳው ሊፈርስ ሲል የተሳለ፣ ለረጅም ጊዜ የሰዓሊው የቤርናርዲኖ ፖቼቲ ሥራ ነው ሲባል የኖረ ንድፍ። በሮቹን፣ አምዶቹን፣ ጎድጓዳ ማቆሚያዎቹን፣ በውስጣቸው የተቀመጡትን ሐውልቶች ያሳያል። ፖቼቲ በሳን ማርኮ ገዳም ግቢ ውስጥ በሳለው የግድግዳ ሥዕል ላይም ይኸው ፊት ከበስተኋላ ይታያል። ከዚህ በላይ የቆዩ ሥዕሎች አሉ፤ ቅድም ያነሳሁት የ1342ቱ አንዱ ነው። ሐውልቶቹ ራሳቸውም ምስክር ናቸው። የትኛው ጎናቸው በደንብ ተሠርቶ የትኛው በሻካራ እንደተተወ፣ የቱ በዝናብ እንደተበላ ሲታይ በየት በኩል ይታዩ እንደነበር ይታወቃል።

ከ2005 መጨረሻ እስከ 2006 በሙዚየሙ ስለ አርኖልፎ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። ተመራማሪዎች ግድግዳው እንዴት እንደነበረ የነበራቸውን ግምት አንድ ላይ አውጥተው የተከራከሩበት አጋጣሚ ነው። ከግንባታ በፊት እንዲህ ያለ ክርክር መደረጉ ጥሩ ነው፤ ግምት በጠረጴዛ ላይ ሲሰበር ዋጋው ርካሽ ነው።

ቦታ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ተቋሙ በ1997 ከሙዚየሙ አጠገብ ያለ ሕንፃ ገዛ። በ1779 በቲያትር ቤትነት የተሠራ፣ በኋላ ግን ለአሥርተ ዓመታት የመኪና ጋራዥ ሆኖ የኖረ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መሀሉ ያልተከፋፈለ አዳራሽ ነበር፤ የቲያትር ቤት ሆድ ደግሞ በትክክል ያንን ይሰጣል። አዳራሹ ርዝመቱ 36 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 20 ሜትር ነው።

ከዚያ ዋናው ውሳኔ መጣ። ግድግዳውን በሙሉ ልኩ፣ አንድ ለአንድ፣ አዳራሹ ውስጥ መሥራት። በእምነ በረድ አይደለም። በሬዚን (እንደ ሙጫ ፈስሶ የሚደነድን ሰው ሠራሽ ቁስ ነው) እና በእምነ በረድ ዱቄት፣ ልሙጥና ነጣ ያለ ሆኖ። ሐውልቶቹ በንድፉ ላይ ወደሚታየው ቦታቸው ወይም ወደዚያ ቅርብ ተመለሱ። ሁሉንም ኦሪጅናል ግን ወደ ላይ አልሰቀሉም። ለአንዳንዶቹ ከላይ ቅጂ ተቀምጦ ዋናው ለሰው ዓይን ቅርብ ሆኖ ከታች ቆሟል። ለበርሊኑ የዕረፍት ቅርጽም ቅጂ ተሠርቶ ቦታው ተሞላ።

ከግድግዳው ትይዩ በካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው የማጥመቂያ ቤት የነሐስ በሮች ተቀመጡ፤ ቀራጺው ጊቤርቲ የሠራቸው። ከነዚህ ውስጥ በወርቅ የተለበጠው ምሥራቃዊ በር እውነተኛ ቦታው ላይ ሳለም ወደ ካቴድራሉ ነበር የሚያየው። በ1990 ከቦታው ወርዶ ቅጂ ተተክቶለታል፤ ረጅም ጥገናም ተደርጎለታል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው ከፊቱ ካቴድራል፣ ከኋላው ማጥመቂያ ቤት አለው፤ አደባባዩ ላይ እንደቆመ ማለት ነው።

ሙዚየሙ በጥቅምት 2015 ተከፈተ። አጠቃላይ ወጪው ወደ 45 ሚሊዮን ዩሮ ነው።

## የተሳካው

ሐውልቶቹ ትርጉማቸው ተመለሰ። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የመስታወት ዓይን ያላት ማርያም በርና ዙፋን፣ ግራና ቀኝ ቅዱሳን ስታገኝ አፍጥጣ የምታይ ሴት መሆኗ ቀርቶ ንግሥት ትሆናለች። ጋደም ያለችው ማርያም ከበር በላይ ስትታሰብ ዝንባሌዋ ይገባል። ከልደት እስከ ዕረፍት ያለው ታሪክ እንደገና በአንድ ግድግዳ ላይ ይነበባል። ይህን ያህል ማብራሪያ በጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ማንም ቆሞ አያነበውም። ግድግዳው ግን በራሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ የቁሳቁስ ምርጫው ሐቀኛ ነው። ሬዚኑ ሬዚን መሆኑ ይታያል። ሐውልቱ የ700 ዓመት እምነ በረድ ነው፤ ያረጀ፣ አፍንጫው የተጎዳ፣ ቀለሙ የተለያየ። ግድግዳው ደግሞ ልሙጥና አዲስ። አንድ ሕፃን እንኳ የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። በእውነተኛ እምነ በረድ ቢሠሩት፣ እንደ አሮጌ አስመስለው ቢያጠቁሩት ኖሮ፣ ለቱሪስት የበለጠ ያምር ይሆናል፤ ግን ከ100 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪን ያሳስተው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ኦሪጅናሉን ዝቅ፣ ቅጂውን ከፍ የማድረጉ ዘዴ ነው። ተመልካቹ ሁለቱንም ያገኛል። ከላይ ቦታውን፣ ከታች የመሮውን ምልክት። ብዙ ሙዚየሞች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚመርጡት።

## ያልተሳካው

ቀለም። የድሮው ግድግዳ በቀለም የተሞላ ነበር። ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ እምነ በረድ፣ በውስጡም በሮማ አብያተ ክርስቲያናት ወለልና መድረክ ላይ እንደምናየው ዓይነት በትንንሽ ድንጋይና በመስታወት የተገጠመ ጌጥ። የዚህ ስብርባሪ ተርፏል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ግድግዳ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቀለም ቢጨምሩበት ግምታቸው በእጥፍ ይበዛ ነበር፣ ሐውልቱንም ይውጠው ነበር። ግን ውጤቱ ሰውን ያሳስታል። ጎብኚው መካከለኛው ዘመን ነጭና ጭምት እንደነበር አስቦ ይወጣል፤ ዘመኑ ግን ደማቅ ነገር ይወድ ነበር።

ሌላው ዘመን መደባለቅ ነው። ንድፉ የሚያሳየው የ1587ን ግድግዳ እንጂ የአርኖልፎን አይደለም። በመሀሉ ወደ 290 ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐውልት ተጨምሯል፣ ምናልባትም ተነስቶ ሌላ ቦታ ተተክሏል። የዶናቴሎ ዮሐንስ አርኖልፎ ሲሞት አልነበረም። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የቆመው የአንድ ሰው ሐሳብ ሳይሆን የብዙ ትውልድ ክምር ነው። ለእኔ እንዲያውም ይህ ነው የሚጥመው፤ በየትውልዱ ሲጨመርበት የኖረ ሥራ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ግን ብዙ የጉዞ ጽሑፎች በደፈናው «የአርኖልፎ ግድግዳ» ብለው ነው የሚያልፉት። ስያሜው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

የበርሊኑ ቅርጽም አልተመለሰም። ቅጂው ቦታውን ይሞላል፣ ታሪኩንም ያሟላል። ሆኖም አርኖልፎ የሠራው የዕረፍት ቅርጽ ላይ አንድ ሐዋርያ በማርያም ሰውነት ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያሳየው ኀዘን በዋናው ድንጋይ ላይ ነው ያለው። እሱን ለማየት በርሊን መሄድ ግድ ነው።

## ከዚህ ጉዳይ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ነገር

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ ያነሳሳኝ ዋናው ነገር ያ የ1587 ንድፍ ነው። መፍረሱን ማስቆም ያልቻለ ሰው ቁጭ ብሎ ሳለው። ተቃውሞ ቢያሰማ ኖሮ ድምፁ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። ወረቀቱ ግን ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆ ግድግዳውን መለሰው። አሮጌ ሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ነገር ሙሉ መዝገብ ነው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ በሜትር የተለካ፣ እያንዳንዱ ጌጥ የት እንደነበር የሚያሳይ። ዛሬ ይህን ለመሥራት ሰዓሊ አያስፈልግም፤ ስልክና ሜትር የያዘ ሁለት ሰው ይበቃል። ከክርክሩም መቅደም አለበት፤ ክርክሩ ሲያልቅ ሕንፃው ላይኖር ይችላል።

ከመፍረስ በኋላ የሚቀሩትን ነገሮች በተመለከተ፣ መጋዘን ከአትክልት ቦታ ይሻላል። መጋዘን የገቡት ሐውልቶች ማንነታቸውን ይዘው ቆዩ። ጎዳና ዳር የቆሙት ገጣሚ ሆኑ። አንድ ነገር ሲነሳ ከየት እንደተነሳ የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት ካልተቀመጠ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይሰጠዋል፤ ክፋት አያስፈልገውም፣ መርሳት ብቻ ይበቃል።

ስለ ግምት ደግሞ፦ የጠፋን ነገር መልሶ መሥራት ሁልጊዜ በከፊል ግምት ነው። ከግምት መሸሽ አይቻልም፤ ሐውልቶቹን በግድግዳ ዳር መደርደርም ራሱ ውሳኔ ነው፣ ያውም የባሰ። የሚቻለው ግምቱ እንዲታይና እንዲነሳ አድርጎ መሥራት ነው። የሬዚኑ ግድግዳ ነገ አንድ ሐውልት በሌላ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር የሚል ጠንካራ ማስረጃ ቢመጣ ተፈቶ ይስተካከላል። የ1887ቱ ግድግዳ ግን ከእነ ግምቱ ደንድኖ ቆሟል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መካከለኛው ዘመንን እንዴት እንዳሰቡት ያሳያል፤ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ግን አይቀበልም።

ቅጂን የሚንቅ ሰው አለ። እኔም ሙዚየም ገብቼ ቅጂ ሳይ ደስ አይለኝም። እዚህ ግን ቅጂው ሥራ አለው። ዋናው ሐውልት ወደ ሰው እንዲወርድ ያስቻለው ከላይ ያለው ቅጂ ነው፣ የታሪኩን ሦስተኛ ክፍል ያሟላው የበርሊኑ ቅጂ ነው። መለኪያው ቅጂ መሆኑ አይደለም፤ ቅጂ መሆኑ መነገሩና ለምን እንደተቀመጠ መታወቁ ነው።

የመጨረሻው ስለ ጊዜና ስለ ባለቤትነት ነው። ሕንፃው ከተገዛበት እስከ ተከፈተበት 18 ዓመት ሆኗል። ይህን ያህል መታገሥ የቻለው ሥራውን የያዘው ተቋም ኦፔራ ዲ ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ካቴድራሉን ለማሠራት የተቋቋመ፣ እስከ ዛሬም ያልፈረሰ ነው። መንግሥታት ተቀያይረዋል፣ ሜዲቺዎች አልፈዋል፣ እሱ ግን አለ። ንድፉን ያስቀመጠው፣ የእንጨት ሞዴሎቹን ያልጣለው፣ የተሰበረውን ሐውልት መጋዘን ያቆየው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ጎብኚው ለጉልላቱና ለሙዚየሙ በሚከፍለው ትኬት ይተዳደራል። በየአምስት ዓመቱ በጀቱ የሚቀየር መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ጋራዡ እስከ ዛሬ ጋራዥ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።